ማይኩ ለምን ይጮሃል? ሚክሰር ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቆም ሰው

ሠርግ፣ ምርቃት፣ መውሊድ፣ የመዘምራን ምሽት፣ የግቢ ተማሪዎች ፕሮግራም። ጅማ ውስጥ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ከድንኳኑ ወይም ከአዳራሹ ጥግ አንድ ጠረጴዛ አይጠፋም። ጠረጴዛው ላይ ማዞሪያ የበዛበት ዕቃ አለ። ከዕቃው ጀርባ ላብ በላብ የሆነ ልጅ አለ። ሽማግሌው ሊመርቁ ሲነሱ ማይኩ "ዊ…" ብሎ ይጮሃል። ሕዝቡም ዞሮ ልጁን ያየዋል።

ልጁ ብዙ ጊዜ ባለሙያ አይደለም። የሙሽራው የአክስት ልጅ ነው። ወይም "አንተ ስልክ ፎርማት ታደርግ የለ?" ተብሎ የተመደበ ነው። ዕቃውን ያከራየው ሰው ኬብሉን ሰካክቶ፣ "ይቺን ብቻ እንዳትነካ" ብሎ ወደ ሌላ ሠርግ ሄዷል።

ይህ ማብራሪያ ለዚያ ልጅ ነው። ልጅቷም ትሁን። ድምፅ ሲበላሽ የአብዛኛው ሰው እጅ የሚሄደው ወደ መጨመር ነው። ሚክሰር ላይ ግን አብዛኛው ችግር የሚፈታው በመቀነስ፣ በመዝጋት፣ አንዱን በማራቅ ሌላውን በማቅረብ ነው። ለምን እንደሆነ እንይ።

ሚክሰር ምንድን ነው የሚሠራው?

ከብዙ ቦታ የሚመጣ ድምፅ ይቀበላል። ያመጣጥነዋል። ቀላቅሎ ወደ ስፒከር ይልካል። በቃ።

ሲያዩት ግን ያስፈራል። ባለ 16 ቻናል ሚክሰር ላይ ያለው ማዞሪያ ከመቶ ሊበልጥ ይችላል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግን አንድ ዓምድ ነው ደጋግሞ የተደረደረው። ይህ ዓምድ ቻናል ይባላል። አንዱ ለዘፋኙ፣ አንዱ ለኪቦርዱ፣ አንዱ ለመድረክ መሪው። አንዱን ያወቀ ሁሉንም አወቀ።

ቻናል የሚነበበው ከላይ ወደ ታች ነው። አናቱ ላይ የኬብል መሰኪያ አለ። ቀጥሎ ጌይን የሚባል ማዞሪያ። ከዚያ ትሬብል፣ ሚድ እና ቤዝ። ከዚያ ኦክስ የሚባሉት፤ ድምፁን ወደ ሞኒተር (ወደ ዘፋኙ የዞረው ስፒከር ነው) እና ወደ ኢኮ የሚልኩ። ከዚያ ፓን፣ ድምፁን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚወስደው። ከታች ደግሞ የሚንሸራተተው ፌደር። የሁሉም ቻናል ድምፅ በመጨረሻ ቀኝ ዳር ባለው ዋናው ፌደር በኩል ይወጣል።

ስለ ፓን ብዙ አልልም። ድንኳን ውስጥ ግራ ጥግ ለተቀመጠ እንግዳ የቀኙ ስፒከር በደንብ አይደርሰውም። መሃል ላይ ተዉት።

ማዞሪያ ከመንካቴ በፊት ምን ላድርግ?

ቦታ ምረጡ። ስፒከሮቹ ከማይኮቹ ፊት ሆነው ወደ ሕዝቡ ይዙሩ። ከስፒከር ፊት የቆመ ማይክ ገና ሳይነካ ችግር ፈላጊ ነው። ስፒከሮቹን ከተቀመጠ ሰው ራስ በላይ ከፍ አድርጓቸው። ቀጭኑን ድምፅ የሰው አካልና ልብስ ይውጠዋል። መሬት ላይ የተቀመጠ ስፒከር የፊተኛውን ረድፍ ያደነቁራል፣ ለኋለኛው ግን ጉምጉምታ ብቻ ነው የሚደርሰው። ሚክሰሩ ደግሞ ሕዝቡ መሃል ወይም ከሕዝቡ ኋላ፣ ወደ መድረኩ ዞሮ ይቀመጥ። ብዙ ቦታ የሚደረገው ግን ከስፒከር ጀርባ፣ ግድግዳ ሥር መሸጎጥ ነው። እዚያ ሆናችሁ እንግዳው የሚሰማውን ልትሰሙ አትችሉም።

ቀጥሎ ኤሌክትሪክ። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ምጣዱና ሳውንድ ሲስተሙ ከአንድ መስመር ከተሰኩ፣ ጓዳ ውስጥ ምጣድ በበራ ቁጥር ቮልቴጁ ይወርዳል። ሚክሰሩም አምፕሊፋየሩም ይንገዳገዳሉ። ከሠርጉ ቤት ሴቶች ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ጄኔሬተር ለሚከራይ ሰው አንድ የጅማ ጉዳይ አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። አየር ሲሳሳ ሞተር አቅም ያጣል። ግምቱ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ 5 ኪሎዋት ተብሎ የተጻፈበት የቤንዚን ጄኔሬተር እዚህ የሚሰጠው ወደ 4 ገደማ ነው። ጽሑፉን አይታችሁ ልክ በልክ ካሰላችሁ መሃል ላይ ጉድ ይፈላል።

ክረምት ከሆነ ዲቫይደሩን መሬት ላይ አትጣሉት። ወንበር ላይ ወይም ብሎኬት ላይ ይውጣ። ሚክሰሩን ደግሞ ሁለት ድንኳን የሚጋጠምበት ቦታ ሥር አታድርጉት። ውሃው የሚወርደው በዚያ ነው።

ስታበሩ ሚክሰሩ ይቅደም። ዋናው ፌደር ወደ ታች ይሁን። አምፕሊፋየሩ ወይም ራሱ አምፕ ያለው ስፒከር መጨረሻ ላይ ይብራ። ስፒከሩ ቀድሞ ከበራ፣ ሚክሰሩ ሲበራ የሚፈጥረው "ዷ!" በቀጥታ ስፒከሩ ላይ ያርፋል። ስፒከር የሚያቃጥለው አንዱ ነገር ይህ ነው።

ጌይንም ፌደርም ድምፅ ይጨምራሉ። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ጀማሪን የሚያደናግረው ዋናው ነገር ይህ ነው። ትንሽ ጊዜ እንስጠው።

ከማይክ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ምልክት በጣም ትንሽ ነው፤ ሰው ሲናገር ጥቂት ሺኛ ቮልት ቢሆን ነው። አምፕሊፋየር የሚፈልገው ወደ 1 ቮልት የሚጠጋ ነው። ስለዚህ ምልክቱ መጀመሪያ በብዙ መቶ እጥፍ ማደግ አለበት። ይህን የሚሠራው ጌይን ነው። ፌደር ደግሞ፣ አድጎ ከገባው ምን ያህሉ ወደ ስፒከር ይሂድ የሚለውን ይወስናል።

የግቢያችሁን የውሃ መስመር አስቡ። ቆጣሪው አጠገብ አንድ መዝጊያ አለ፣ ማጠቢያው ላይ ሌላ። የቆጣሪው መዝጊያ ጠብቆ ከተዘጋ የማጠቢያውን ቧንቧ እስከ ጥግ ብትከፍቱት ሽው ይላል እንጂ ውሃ አይሞላላችሁም። ጌይኑ አንሶ ፌደሩ እስከ ጫፍ ሲገፋ የሚሰማው "ሽሽሽ" ያው ነው። በተቃራኒው ውሃው ከመግቢያው ደፍርሶ ከመጣ፣ ቧንቧውን ብትቀንሱት የሚቀነሰው መጠኑ ነው፤ ድፍርስነቱ እንዳለ ነው። ጌይኑ በዝቶ የተቀደደ ድምፅም እንዲሁ ነው። ፌደሩን ብታወርዱት የተቀደደ ድምፅ ቀስ ብሎ ይሰማል፣ እንጂ አይጠራም።

ታዲያ ጌይን እንዴት ይለካል? ፌደሩን አውርዱ። ጌይኑን ዝጉ። ቻናሉ ላይ ፒኤፍኤል የሚል ቁልፍ አለ፤ አንዳንዱ ሚክሰር ላይ ሶሎ ይባላል። ተጫኑት። አሁን የሚክሰሩ ሜትር የሚያሳየው የዚያን ቻናል ድምፅ ብቻ ነው። ዘፋኙ መድረክ ላይ በሚዘፍንበት ጉልበት ይዝፈን። መብራቶቹ 0 የሚለው አካባቢ እስኪመላለሱ ጌይኑን ቀስ እያላችሁ ክፈቱ። ፒክ ወይም ክሊፕ የሚለው ቀይ መብራት ብልጭ ካለ በዝቷል፤ መልሱት። ዲጂታል ሚክሰር ላይ ቁጥሩ ይለያል። እዚያ 0 ማለት ጣሪያው ነው። አማካዩ ‑18 አካባቢ ቢሆን ለጩኸት ቦታ ይተርፋል።

ከዚያ ፒኤፍኤሉን አጥፉ። ፌደሩን ቀስ ብላችሁ 0 ወደሚለው ምልክት አምጡ። ፌደር ጎን ያለው 0 "ምንም" ማለት አይደለም። "አልጨምርም፣ አልቀንስም" ማለት ነው። ፌደሩን እዚያ አካባቢ ማዋል ጥቅም አለው። 0 አጠገብ አንድ ሴንቲ ሜትር ብታንቀሳቅሱት ለውጡ ጥቂት ዲሲቤል ነው። ታች ላይ ያችው አንድ ሴንቲ ሜትር ድምፁን ታጠፋዋለች ወይም ታፈነዳዋለች።

ዲሲቤል የድምፅ መጠን ልዩነት መለኪያ ነው፤ ከመቶ እንደሚሰላ ቁጥር አይደለም። 10 ዲሲቤል ሲጨመር ለጆሮ "እጥፍ ሆነ" የሚል ስሜት ይሰጣል። ይህን ለማምጣት ግን አምፕሊፋየሩ 10 እጥፍ ኃይል ማውጣት አለበት። የሙሽራዋ አጎት መጥተው "እጥፍ አርገው!" ሲሉ የሚጠይቁት 10 እጥፍ ዋት ነው። በጨዋ ቋንቋ እሺ ብላችሁ ትንሽ ብቻ ጨምሩ።

"ሄሎ፣ ሄሎ፣ 1፣ 2" በቂ ነው?

አይደለም። "ሄሎ" የሚለው ሰው በለሆሳስ ነው የሚለው። ፕሮግራሙ ሲጀመር በሦስት እጥፍ ይጮሃል፣ ቀዩ መብራትም ይበራል። ዘፋኝ የዘፈኑን ከፍተኛ ቦታ ይዝፈን። መድረክ መሪ "ሙሽሮቻችን እየገቡ ነው!" እንደሚል ይበል።

አንድ በአንድ ሂዱ። መጀመሪያ የሰው ድምፅ፣ ከዚያ መሣሪያ። ሰው የመጣው ቃሉን ሊሰማ ስለሆነ ሌላው በድምፁ ዙሪያ ይቀመጣል። ማሲንቆ ማይክ ይፈልጋል፤ ቆዳው አካባቢ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ። ኤሌክትሪክ ክራርና ኪቦርድ በኬብል በቀጥታ ይገባሉ። ከበሮ ትንሽ ድንኳን ውስጥ ከሆነ ማይክ ላያስፈልገው ይችላል። ራሱ ይበቃዋል።

ባዶ አዳራሽ ያታልላል። የሲሚንቶ ወለልና የቆርቆሮ ጣሪያ ድምፁን እያንጓለሉ ይመልሱታል። ሰው ሲሞላ ጋቢውና ሹራቡ ብዙውን ይውጠዋል። ከሰዓት በባዶ አዳራሽ "ትሬብሉ በዛ" ብላችሁ የቆረጣችሁት፣ ማታ ሰው ሲገባ ድምፁን አፍኖት ታገኙታላችሁ። ሰው ከገባ በኋላ አንድ ጊዜ እንደገና አዳምጡ።

ማይኩ ለምን ይጮሃል?

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ማይኩ ከስፒከሩ የወጣውን ድምፅ መልሶ ይሰማል። ሚክሰሩ ያጎላዋል። ስፒከሩ ያወጣዋል። ማይኩ ደግሞ ይሰማዋል። ይህ ዙር በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደገማል። በየዙሩ ድምፁ እያነሰ ከሄደ ይሞታል፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል። በየዙሩ እየበለጠ ከሄደ ግን ያድግና "ዊ…" ይላል። ፊድባክ የምንለው ይህን ነው። በፊዚክስ ላርሰን ኢፌክት ይባላል፤ በዴንማርካዊው የፊዚክስ ሊቅ በሶረን ላርሰን ስም።

ስለዚህ "ማይኩ ተበላሽቷል" ማለት ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። ማይኩ ሥራውን እየሠራ ነው። ችግሩ ዙሩ ነው። መፍትሔውም ዙሩን መስበር ነው።

የመጀመሪያው መስበሪያ ርቀት ነው። ማይኩና አፍ ያላቸው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ማይኩ የሚሰማው ድምፅ በ6 ዲሲቤል ገደማ ይጨምራል። ከ20 ሴንቲ ሜትር ወደ 10፣ ከ10 ወደ 5፤ በድምሩ 12 ዲሲቤል፣ በነጻ። ጌይኑን ሳትነኩ። እንዲያውም ጌይኑን መቀነስ ትችላላችሁ፣ ያኔ ማይኩ ስፒከሩን የሚሰማበት አቅም አብሮ ይወርዳል። አባቶች ሲመርቁ ማይኩን ደረታቸው ላይ ይይዙታል። ልጁም ድምፅ ጠፋ ብሎ ጌይን ይጨምራል። ጩኸቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ትልቅ ሰው ላይ ከሩቅ "ማይኩን ያቅርቡት!" ብሎ መጮህ ደግሞ ነውር ነው። አንድ ልጅ አስቀድሞ ጠጋ ብሎ "አባባ፣ አገጭዎ ሥር ይያዙልኝ" ቢላቸው ነገሩ አለቀ። ካልሆነ ስታንድ አቁሙላቸው።

ሁለተኛው የማይኩ አያያዝ ነው። መድረክ ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ ማይኮች ከፊት ለሚመጣ ድምፅ የተሠሩ ናቸው፤ ከኋላ የሚመጣውን በእጅጉ ይቀንሱታል። ይህን የሚያደርጉት ከወንፊቱ ሥር ባለ ክፍተት ነው። ጭንቅላቱ በመዳፍ ሲታፈን ክፍተቱ ይዘጋል። ማይኩ ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራል፣ ድምፁም ይታፈናል። ወጣት ዘፋኞች ይህን አያያዝ ይወዱታል። ቪዲዮ ላይ ያምራል። ሳውንድ ላይ ግን መዓት ነው።

ሦስተኛው የተከፈተ ማይክ ብዛት ነው። ክፍት ማይክ በእጥፍ ሲበዛ ከፊድባክ በፊት ያላችሁ ዕድል በ3 ዲሲቤል ይቀንሳል። ለመዘምራን 8 ማይክ ተከፍቶ አንዷ ብቻ የምትዘምር ከሆነ 9 ዲሲቤል እየባከነ ነው። የማይሠራውን ሚውት አድርጉ።

ጩኸቱ ከጀመረ ምን ይደረግ? አትደንግጡ። ዋናውን ፌደር ጥርግ አድርጋችሁ አታውርዱት፤ ፕሮግራሙ ይቋረጣል። የመጨረሻ የተከፈተውን ወይም የተንቀሳቀሰውን ማይክ ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። ፌደሩን ትንሽ አውርዱ። ጩኸቱ ይቆማል።

ጊዜ ካላችሁ እንግዳ ከመግባቱ በፊት አንድ ሥራ ሥሩ። ሚክሰሩ ላይ ወይም ለብቻው ግራፊክ ኢኩዋላይዘር አለ እንበል፤ ድምፁን ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ከፋፍሎ በየተንሸራታቹ የሚጨምርና የሚቀንስ ነው፣ ትልቁ 31 ተንሸራታች አለው። ማይኩን ክፈቱና ጩኸት ሊጀምር እስኪል ድምፁን ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። የሚጮኸውን ድምፅ ቅጥነት የያዘውን ተንሸራታች ፈልጋችሁ ከ3 እስከ 6 ዲሲቤል ቀንሱት። ሁለት ሦስት ቦታ ይበቃል። አሥር ቦታ ከቆረጣችሁ ድምፁ የጉሮሮ በሽተኛ ይመስላል።

ቤዝ፣ ሚድ፣ ትሬብል ምን ያህል ይሁኑ?

ድምፅ የሚለካበት የቅጥነት መጠን ኸርዝ ይባላል። አንድ ነገር በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ነው። ጤነኛ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል። ቤዝ ታችኛው ነው፣ ትሬብል ላይኛው።

ሁሉንም መሃል ላይ አድርጋችሁ ጀምሩ። ለሰው ድምፅ ሁሉ ሎው ከት የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ከ80 ወይም ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ይቆርጣል። እዚያ ያለው የንፋስ፣ የእጅና የመድረክ ኳኳታ ነው እንጂ የሰው ቃል አይደለም። ለከበሮና ለቤዝ ጊታር ግን አትጫኑት።

ድምፁ ጉርጉር ካለ፣ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ከመሰለ፣ ከ200 እስከ 400 ኸርዝ ያለውን ትንሽ ቀንሱ። ቃል ካልጠራ ደግሞ ትሬብል ከመጨመር በፊት ይህንኑ ሞክሩ። የአነጋገራችን ጥራት ያለው ተነባቢዎቹ ላይ ነው፤ እነሱ ደግሞ ከፍ ባለው ቅጥነት ላይ ናቸው። ላይኛው ከታፈነ "መጣ" እና "መታ" አይለዩም። አፋን ኦሮሞም እንዲሁ ጠበቅ ያሉ ድምፆች ስላሉት፣ በሁለቱ ቋንቋ እየተመላለሰ ለሚናገር መድረክ መሪ ይህ ጉዳይ እጥፍ ነው። ቤዝ የበዛበት ንግግር ለወንድ ድምፅ ግርማ የሰጠ ይመስላል። የኋለኛው ረድፍ ግን አንድም ቃል አይለይም።

ዘፋኙ "አይሰማኝም" ሲል ምን ላድርግ?

ዘፋኙ የሚሰማው ወደ እሱ የዞረውን ሞኒተር ነው። ሞኒተሩ የሚታዘዘው በኦክስ ማዞሪያ ነው። ኦክሱ "ፕሪ" ላይ ከሆነ ፌደሩ ቢንቀሳቀስም ሞኒተሩ አይነቃነቅም። ለሞኒተር የሚፈለገው ይህ ነው። ሕዝቡ ጋ ስታስተካክሉ ዘፋኙ መድረክ ላይ ድምፁ ሽው እያለ እንዳይመጣና እንዳይሄድበት።

ሞኒተሩን ከማይኩ ጀርባ አስቀምጡት፣ ማይኩ በማይሰማበት በኩል። እያንዳንዱ "ለእኔ ጨምር" ሲል ዝም ብሎ መጨመር መድረኩን የገበያ ቀን ያደርገዋል። "ምኑን ልቀንስልህ?" ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ድምፁን የዋጠበት ኪቦርዱ ነው።

ኢኮ የት ላይ ይደረግ?

ለዘፈን፣ በልክ። ለመንዙማና ለዝማሬ ደስ ይላል። ለንግግር ግን አጥፉት። ምርቃት፣ ስብከትና ማስታወቂያ በኢኮ ሲታጠብ ቃሉ በቃሉ ላይ ይደረባል። ዘፈን አልቆ መድረክ መሪው ሲመጣ መጀመሪያ የሚነካው ቁልፍ የኢኮው ሚውት ይሁን። በእኔ እምነት አንድ ሳውንድ ማን ጎበዝ መሆኑ የሚታወቀው እዚህች ላይ ነው።

48 ቮልት የሚለው ቁልፍስ?

ፋንተም ፓወር ይባላል። ኮንደንሰር የተባሉ ማይኮች በራሳቸው አይሠሩም፤ በማይኩ ኬብል በኩል ኤሌክትሪክ ይላክላቸዋል። ተራው የእጅ ማይክ አያስፈልገውም፣ ኬብሉ ጤነኛ ከሆነም አይጎዳውም። ስታበሩትም ስታጠፉትም ቻናሉ ሚውት ይሁን። "ጧ!" ይላል።

ገመድ አልባ ማይክን በተመለከተ ደግሞ ባትሪውን ከፕሮግራሙ በፊት ቀይሩ። ተቀባዩም መድረኩን የሚያይበት ቦታ ላይ ይሁን። ሁለት ማይክ በአንድ ፍሪኩዌንሲ አይሠራም።

"እምምም" የሚለው ከየት ይመጣል?

ከኤሌክትሪኩ። መብራታችን በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ ወደ ድምፅ መስመሩ ሲገባ በ50 ኸርዝና በብዜቶቹ ያጉረመርማል። የተለመደው ምክንያት ሚክሰሩ ከአንድ ሶኬት፣ ላፕቶፑ ወይም ኪቦርዱ ከሌላ ሶኬት መሰካታቸው ነው። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና አዳምጡ። ከጠፋ ምንጩን አገኛችሁት። ሁሉንም ከአንድ ዲቫይደር ሰኩ። ወይም ዲአይ ቦክስ የምትባለውን ትንሽ ሳጥን መሃል አስገቡ።

የኧርዙን እግር ቆርጦ "ጠፋ!" የሚል ሰው አይጠፋም። እምታው ሊጠፋ ይችላል። ግን ያ እግር ያለው ሰው ኤሌክትሪክ እንዳይዘው ነው። እርጥብ ድንኳን ውስጥ ብረት ማይክ የያዘ ዘፋኝ አለ። አይቆረጥም።

ሰፊ ሜዳ ላይ ከሆነስ?

ሜዳ ላይ ለኋለኛው ሕዝብ ተጨማሪ ስፒከር ይተከላል። አየሩ 20 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ ወደ 343 ሜትር ይጓዛል። ኬብል ውስጥ ያለው ምልክት ግን ወዲያው ነው የሚደርሰው። ስለዚህ 34 ሜትር ርቆ የቆመው ሁለተኛ ስፒከር አንድ አሥረኛ ሰከንድ ቀድሞ ይናገራል። አጠገቡ ያለ ሰው እያንዳንዱን ቃል ሁለቴ ይሰማል። መፍትሔው ሁለተኛውን ስፒከር በዚያው ልክ ማዘግየት ነው። ዲጂታል ሚክሰሮች ይህን ዲሌይ በቀላሉ ያደርጋሉ። የጅማ ከፍታ ለዚህ ስሌት ለውጥ የለውም። የድምፅን ፍጥነት በዋናነት የሚቀይረው የአየሩ ሙቀት ነው።

ዲጂታል ሚክሰር ይሻላል?

ከ2012 ጀምሮ እንደ ቤሪንገር ኤክስ 32 ያሉ በአንጻሩ ርካሽ የሆኑ ዲጂታል ሚክሰሮች ገበያ ላይ ከዋሉ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። ያስተካከላችሁትን ሴቭ አድርጋችሁ በሚቀጥለው ሳምንት መልሳችሁ ትጠሩታላችሁ። በታብሌት ሕዝቡ መሃል እየዞራችሁ ትሠራላችሁ። ቋሚ አዳራሽ ላለው ቤተ ክርስቲያን ወይም ግቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ለድንኳን ሠርግ ግን አናሎጉን የሚመርጥ ሰው ሞኝ አይደለም። ሁሉም ማዞሪያ ፊት ለፊት ይታያል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ወዲያው ይነሳል። ዲጂታሉ እንደ ኮምፒውተር እስኪነሳ ሁላችሁም ቆማችሁ ትጠብቁታላችሁ። ዲጂታል ከያዛችሁ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ሳጥን፣ አብሮ ይያዝ። ለአምፕሊፋየሩ ሳይሆን ለሚክሰሩ ብቻ። ያን ያህል ትልቅም አይፈልግም።

ምን ያህል ሲሆን ነው በዛ የሚባለው?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ለመዝናኛ ቦታዎች ባወጣው መመሪያ ጣሪያው በ15 ደቂቃ አማካይ 100 ዲሲቤል ነው። በስልክ የሚጫን መለኪያ ትክክለኛ ባይሆንም ግምት ይሰጣል። ከዚያ ቀላሉ መለኪያ ግን ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት እንግዶች ናቸው። ጆሮ ለጆሮ ተጠጋግተው እየጮኹ ከሆነ በዝቷል። ሕፃናትና አዛውንት ከስፒከር ፊት አይቀመጡ።

መብራት ድንገት ቢሄድ፣ ፕሮግራሙስ ሲያልቅ?

መብራት ሲሄድ መጀመሪያ አምፕሊፋየሩን አጥፉ። ሲመለስ ሁሉም በአንዴ እንዳይነሳ። ሚክሰሩ ከተነሳ በኋላ አምፕሊፋየሩን መልሳችሁ አብሩ።

ፕሮግራሙ ሲያልቅም ቅደም ተከተሉ የማብሪያው ተቃራኒ ነው። አምፕሊፋየሩ ይቅደም፣ ሚክሰሩ ይከተል። ኬብል በክንድና በክርን ላይ አይጠቀለልም፤ ውስጡ እየተጣመመ ይበጠሳል። ሰፋ ባለ ክብ፣ አንዱን ዙር ወደ ውጭ አንዱን ወደ ውስጥ እያደረጋችሁ ሰብስቡት። ገመድ አልባ ማይክ ውስጥ ባትሪ አትተዉ። ዝናብ የነካውን ኬብል ደግሞ ከእነ እርጥበቱ ሳጥን ውስጥ አትክተቱት። የጅማ ክረምት የጃክ ጫፍ ለማዛግ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።